ክሽክሹን ስንረጭ ጢንዚዛዋን እንዳንገድል፦ የመዓዛማ ዕፅዋት ዘይት አጠቃቀም ለጣና ዳር ጓሮዎች

ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ በሐይቁ ዳር በምትገኘው ጓሮዬ፣ አንድ ዓመት ጥር ላይ ጎመኔን ክሽክሽ የምንለው፣ የቅጠል ጭማቂ የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ ወረረው። የቅጠሉ ጀርባ አመድ የተነሰነሰበት ይመስል ነበር። ኬሚካል መርጨት አልፈለግሁም፤ አጥር የምንጋራቸው አዛውንት ንብ ያነባሉ፣ ንቦቻቸው ደግሞ ውኃ የሚቀዱት ከእኔ ቦይ ነው። ስለዚህ የባሕር ዛፍ ዘይት ገዛሁ፣ በሳሙና ውኃ በጠበጥሁት፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ መደቡን ከዳር እስከ ዳር ረጨሁት። በማግስቱ ክሽክሹ ረግፎ ሳይ ደስ ብሎኝ ጎረቤቴን ጠራኋቸው።

አዛውንቱ ጎንበስ ብለው አንድ ቅጠል ገለበጡና፣ «ልጄ፣ ይህችን ታውቃታለህ?» አሉኝ። በጣታቸው ያመለከቱኝ ከሩዝ ፍሬ የማትበልጥ፣ ጥቁር፣ ጀርባዋ ላይ ብርቱካናማ ነጠብጣብ ያለባት ባለ ስድስት እግር ትል ናት። ደርቃ ከቅጠሉ ጋር ተጣብቃለች። እርሷም ተባይ መስላኝ እንደነበር ነገርኋቸው። «የቀይዋ ጢንዚዛ ልጅ እኮ ናት። ክሽክሹን ስትበላልህ የከረመችው እርሷ ናት» አሉኝ። በሦስተኛው ሳምንት ከፊተኛው የበዛ ክሽክሽ ተመልሶ መጣ፤ የሚበላው ግን አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሴቷ ክሽክሽ ያለ ወንድ ትራባለች፤ እንቁላል ሳይሆን ሕያው ልጆች ትጥላለች፤ ልጆቿም በሳምንት ወይም በአሥር ቀን ውስጥ እናቶች ይሆናሉ። ጢንዚዛ ግን ከእንቁላል ተነሥታ ክንፍ እስክታወጣ ሦስትና አራት ሳምንት ይፈጅባታል። ሁለቱን አንድ ላይ ከገደላችሁ ቀድሞ የሚያገግመው ክሽክሹ ነው። ከዚያ በኋላ ዘይት መርጨቴን አልተውሁም። ሰዓቱን፣ መጠኑንና ቦታውን ግን ቀየርሁ። የምጽፍላችሁ ያንን ነው።

ዘይቱ ምን እንደሚሠራ

መዓዛማ ዘይት ለተክሉ መከላከያው ነው። ነጭ ባሕር ዛፍ ሲኒዮል የተባለውን፣ ጠጅ ሳር ሲትራልን፣ ቅርንፉድ ዩጀኖልን፣ ጦስኝ ደግሞ ቲሞልንና ካርቫክሮልን በብዛት ይይዛሉ። እነዚህ ንጥረ ነገሮች ነፍሳቱን በብዙ መንገድ ይጎዳሉ፦ ሰውነታቸውን ከድርቀት የሚጠብቀውን ሰም ያሟሟሉ፣ መተንፈሻ ቀዳዳቸውን ይደፍናሉ፣ ነርቫቸውንም ያውካሉ። ለምሳሌ ዩጀኖል ኦክቶፓሚን የሚባለውን የነፍሳት ነርቭ መልእክተኛ ሥራ ያዛባል። ሰው በዚህ መልእክተኛ ብዙም አይጠቀምም፤ ዘይቶቹ ለእኛ ከብዙ ፀረ ተባይ ኬሚካሎች የሚቀልሉበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ንብና ጢንዚዛ ግን ያው ነፍሳት ናቸው። «ከዕፅ የተሠራ ስለሆነ ንብ አይነካም» ብሎ የሚሸጥላችሁን ሰው አትመኑት። እርጥቡ ጠብታ ወዳጅና ጠላት አይለይም።

ለእኛ የሚጠቅመን ዘይቱ በኖ የሚጠፋ መሆኑ ነው። ማታ የተረጨው አብዛኛው በማግስቱ ከቅጠሉ ላይ ለቅቋል። ኬሚካሉ ለቀናት ወይም ለሳምንታት ቅጠሉ ላይ ሲቆይ ዘይቱ በሰዓታት ይሄዳል። የአረጫጨቱ ዘዴ ሁሉ የቆመው በዚህ ላይ ነው፦ ዘይቱ እርጥብ በሆነባቸው ጥቂት ሰዓታት ወዳጆቻችን እዚያ እንዳይገኙ ማድረግ።

መጀመሪያ ቅጠል ገልብጡ

መርጫውን ከማንሣታችሁ በፊት አንድ ነጭ ወረቀትና እርሳስ ይዛችሁ ጠዋት ጓሮ ግቡ። ከተለያየ ቦታ ሃያ ተክል ምረጡ፣ ከእያንዳንዱ አንድ ቅጠል ገልብጡ። በወረቀቱ ግራ ተባዩን፣ በቀኙ ወዳጁን መዝግቡ። ቅጠሉን ወረቀቱ ላይ መታ መታ ስታደርጉት የሚረግፈውንም ቁጠሩ።

ከባዱ ወዳጅን መለየት ነው፤ ብዙዎቹ ውበት የላቸውም። የጢንዚዛዋ እንቁላል ቢጫ ነው፤ በቅጠል ጀርባ ላይ ተጠጋግቶ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ልጇን ከላይ ነግሬአችኋለሁ። የአበባ ዝንብ ሲያድግ ንብ ይመስላል፤ ልጁ ግን እግር የሌለው፣ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ፣ ውስጡ የሚታይ ትል ነው፤ ክሽክሽ መካከል ተኝቶ እየመጠጠ ይጥላቸዋል። ብዙ ሰው የጎመን ትል ነው ብሎ ይጨፈልቀዋል።

ከሁሉም በላይ እንድታውቁልኝ የምፈልገው ግን ጥቃቅኗን ተርብ ነው። እርሷን ራሷን ላታዩአት ትችላላችሁ፤ ሥራዋን ግን ታያላችሁ። ከክሽክሾቹ መካከል አንዳንዱ አብጦ፣ ክብ ሆኖ፣ ከሰሊጥ ፍሬ ያነሰ፣ ቡናማ ወርቃማ ቀለም የያዘና የማይንቀሳቀስ ከሆነ ውስጡ የተርቧ ልጅ አለች። ክሽክሹን ከውስጥ በልታ ከጨረሰች በኋላ ጀርባው ላይ ክብ ቀዳዳ ቆርጣ ትወጣለች፤ ባዶው ቅርፊት እንደ ወረቀት ቀልሎ ቅጠሉ ላይ ይቀራል። ባለ ቀዳዳ ቅርፊት ካያችሁ ተርቦቹ ወጥተው ሥራ ጀምረዋል ማለት ነው። አጉሊ መነጽር ካላችሁ አንድ ጊዜ ተመልከቱት፤ እኔ ካየሁት ወዲህ ያለ ቆጠራ መርጫ አንሥቼ አላውቅም።

የእኔ ደንብ ይህ ነው፦ ከተወረሩት ቅጠሎች በግማሹ ላይ ጢንዚዛ፣ የአበባ ዝንብ ልጅ ወይም ወርቃማ ቅርፊት ካገኘሁ አልረጭም። በጣም የተጎዱትን ቅጠሎች ቆርጬ እቀብራለሁ፣ የቀረውን በውኃ ግፊት አጥባለሁ፣ አምስት ቀን ቆይቼ እንደገና እቆጥራለሁ። አብዛኛውን ጊዜ መርጨት ሳያስፈልገኝ ያልፋል። ጉንዳን በግንዱ ሲመላለስ ካያችሁ ደግሞ መጀመሪያ መንገዱን ዝጉበት፤ ጉንዳን የክሽክሹን ጣፋጭ ፈሳሽ ስለሚወድ ጢንዚዛዋን ያባርርበታል።

ዘይት የማይደርስበት ተባይ

ዘይት የሚሠራው የነካውን ነው። ክሽክሽ፣ ነጭ ዝንብ፣ ቀይ ሸረሪት የምንላት ጥቃቅን ተባይና ገና የተፈለፈለ ትል ጥሩ ዒላማ ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ2012 ወዲህ አገራችን የገባችው የቲማቲም ቅጠል ሰርሳሪ፣ ቱታ አብሶሉታ፣ ግን ልጇ በቅጠሉ ሁለት ሽፋኖች መካከል ስለምትኖር ዘይቱ አያገኛትም፤ ያለ ጥቅም ወዳጆቻችሁን ትገድላላችሁ። የተሰረሰረውን ቅጠል ለቅሞ ማቃጠል ይሻላል። በፎገራ ሜዳና በሐይቁ ዙሪያ የሽንኩርት ገበሬን የሚያስመርረው ትሪፕስም ግማሹ በቅጠሎቹ መጋጠሚያ ውስጥ ስለሚደበቅ ውጤቱ መካከለኛ ነው። ለእርሱ ከረጫችሁ ጠብታው ወደ መጋጠሚያው እንዲወርድ ከላይ ወደ ታች ርጩ።

ዘይቱን መምረጥና ማውጣት

ቅጠል የተቀቀለበት ውኃ ዘይት አይደለም። ድስቱን ከፍታችሁ ስትቀቅሉ የሚያውዳችሁ ሽታ እየሸሸ ያለው ዘይት ነው። የተገዛ ዘይትም ሁሉ ንጹሕ አይደለም፤ አንድ ጊዜ «ንጹሕ የጠጅ ሳር» ተብሎ የተሸጠልኝ ግማሹ የምግብ ዘይት ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ፈተናው ቀላል ነው፦ አንድ ጠብታ ነጭ ወረቀት ላይ ጣሉና አንድ ቀን አቆዩት። ንጹሕ መዓዛማ ዘይት በኖ ይጠፋል፤ የምግብ ዘይት የተቀላቀለበት የቅባት ክብ ይተዋል።

አረቄ ማውጣት የሚያውቅ ሰው ይህን ማውጣት አያቅተውም፤ መንገዱ አንድ ነው። ውኃው ከታች፣ ቅጠሉ በላዩ በተዘረጋ ወንፊት ላይ፣ ክዳኑ በሊጥ የተመረገ፣ እንፋሎቱ በመቃ ወጥቶ በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ወደ ተቀመጠው ዕቃ ይንጠባጠባል። የባሕር ዛፍና የጠጅ ሳር ዘይት በውኃው ላይ ይንሳፈፋል፤ በስሪንጅ ትመጥጡታላችሁ። የቅርንፉድ ዘይት ግን ከውኃ ስለሚከብድ ከታች ይዘቅጣል። ከ10 ኪሎ እርጥብ የነጭ ባሕር ዛፍ ቅጠል በጥሩ መሣሪያ 100 ሚሊ ሊትር ገደማ ይገኛል፤ በጓዳ ዕቃ ከዚያ ያነሰ ጠብቁ። አረቄ የሚወጣበትን ዕቃ ለዚህ አትጠቀሙበት፤ ሽታው አይለቅም። እሳቱም ዘይቱ ከሚጠራቀምበት ዕቃ ይራቅ፤ ዘይቱ ተቀጣጣይ ነው።

ለጀማሪ የምመክረው ባሕር ዛፍን ወይም ጠጅ ሳርን ነው። ቅርንፉድና ጦስኝ ኃይለኞች ናቸው፤ የቅርንፉድ ዘይት በርከት ሲል አረም ማቃጠያ ሆኖ ያገለግላል፣ ጎመናችሁንም እንዲሁ ያቃጥለዋል።

መለካትና መበጥበጥ

በቡሽ ወይም በማንኪያ አትገምቱ። ከመድኃኒት ቤት ባለ 5 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ ግዙ፣ መርፌውን አውጥታችሁ ጣሉት። ለአንድ ሊትር ውኃ፦ ባሕር ዛፍ ወይም ጠጅ ሳር 2 ሚሊ ሊትር፤ ቅርንፉድ ወይም ጦስኝ 1 ሚሊ ሊትር። ካልሠራላችሁ ቀስ ብላችሁ ጨምሩ፤ ለመጀመሪያዎቹ ሁለቱ 5፣ ለኋለኞቹ 2 ሚሊ ሊትር የእኔ የመጨረሻ ድንበር ነው።

ዘይትና ውኃ አይስማሙም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ውኃው ላይ ዘይቱን ጠብ አድርጎ ይነቀንቅና ይረጫል። ዘይቱ ከላይ ይንሳፈፋል፣ የመጀመሪያዎቹ ተክሎች ባዶ ውኃ ይደርሳቸዋል፣ የመጨረሻዎቹ ይቃጠላሉ። ትክክለኛው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ በትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ዘይቱን ከእጥፉ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ጋር አድርጋችሁ ነቅንቁ። አንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውኃ ጨምራችሁ እንደገና ነቅንቁ፤ ወተት መምሰል አለበት። ከዚያ ወደ መርጫው ገልብጡና ውኃውን ሙሉ። ለ2 ሊትር የእጅ መርጫ 4 ሚሊ ሊትር ዘይትና 8 ሚሊ ሊትር ሳሙና ይበቃል፤ ለ15 ሊትር የጀርባ መርጫ 30 ሚሊ ሊትር ዘይትና 60 ሚሊ ሊትር ሳሙና። የዱቄት ሳሙና ቅጠል ይጎዳል፣ ተውት። ከሐይቁ ወይም ከቦይ የተቀዳ ውኃ ደለል ስለሚኖረው በነጠላ ቁራጭ አጥልሉት፤ አለዚያ አፍንጫው ይደፈናል። የተበጠበጠው በዚያው ቀን ይለቅ፤ ለነገ አይቀመጥም።

ሁለት ፈተና

አንደኛው ለተክሉ ነው። ሦስት ተክል ብቻ ርጩና ሁለት ቀን ጠብቁ። የቅጠሉ ጠርዝ ከጠቆረ ወይም ነጠብጣብ ካወጣ መጠኑን በግማሽ ቀንሱ። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ሙቀት ጥር ላይ ያልጎዳው መጠን ሊጎዳ ስለሚችል ወቅት በተቀየረ ቁጥር ድገሙት።

ሁለተኛው ለወዳጆቻችሁ ነው፤ ይህን የሚያደርግ ሰው አይቼ አላውቅም፣ እባካችሁ አድርጉት። ሦስት ንጹሕ የማር ብርጭቆዎች አዘጋጁ። በአንደኛው ምንም ያልነካው ቅጠል፣ በሁለተኛው የሳሙና ውኃ ብቻ የተረጨ፣ በሦስተኛው ሙሉው ብጥብጥ የተረጨ ቅጠል አስገቡ። የተረጩት መጀመሪያ ጥላ ውስጥ ይድረቁ። በየቅጠሉ ላይ ጥቂት ክሽክሽ ለምግብ ይኑር። በእያንዳንዱ አምስት አምስት ጢንዚዛ ጨምሩና አፉን በስስ ጨርቅ ሸፍናችሁ በላስቲክ እሰሩ። በፀሐይ አታስቀምጡ። በ24 ሰዓት ቁጠሩ። በመጀመሪያው ብርጭቆ ሁሉም ደህና ሆነው በሦስተኛው ሁለትና ከዚያ በላይ ከሞቱ ወይም ተገልብጠው እግራቸውን የሚያወራጩ ከሆነ መጠኑ በዝቷል። በሁለተኛውም ከሞቱ ጥፋተኛው ሳሙናው ነው፤ ቀይሩት። የተረፉትን ወደ ጓሮ መልሷቸው።

የምሽቱ ሥራ

ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ በኩል ነፋስ ይነሣል፤ የምትረጩትን ወደ ጎረቤት ቀፎ ይወስደዋል። ነፋሱ ሲበርድና ንቦቹ ሲገቡ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ጀምሩ። እኔ ከጎረቤቴ ቀፎ ፊት ለፊት ቆሜ አምስት ደቂቃ እመለከታለሁ፤ የምትገባም የምትወጣም ንብ ከሌለች እጀምራለሁ። ጢንዚዛና ሸረሪት ግን ማታም ቅጠሉ ላይ ስለሚያድሩ ለእነርሱ ሰዓቱ ብቻ አይበቃም፤ ያገኛችኋቸውን ቅጠሉን እያራገፋችሁ ወደማይረጨው መደብ አሻግሯቸው።

የተወረረውን ተክል ብቻ፣ ከቅጠሉ ጀርባ ርጩ። መደቡን በሙሉ አትንኩ። ከአምስት መስመር አንዱን፣ ክሽክሽ ቢኖርበትም እንኳ፣ ሳትረጩ ተዉት፤ ተርቦቹ የሚተርፉትና የሚመለሱት ከዚያ ነው። ያንን መስመር እንደ ኪሳራ የሚያይ ሰው አለ፤ እኔ ግን ከጓሮዬ ሁሉ የምሳሳለት እርሱ ነው። ያበበ ነገር ላይ በፍጹም አትርጩ። በመደቡ ዳር እንስላልና ድምብላል ዝሩ፤ ሲያብቡ የአበባ ዝንብና ትንንሽ ተርቦች ማር ይቀስሙባቸዋል፣ ከዚያ ወደ ጎመናችሁ ይሻገራሉ። መስከረም ላይ አደይ አበባ በአጥሩ ሥር ከወጣም አትንቀሉት።

ስለ ጠጅ ሳር አንድ ማስጠንቀቂያ። ሲትራል ንቦች ጓደኞቻቸውን ወደ ቤት ለመጥራት በሚያወጡት ሽታ ውስጥም አለ። የጠጅ ሳር ዘይት መንጋ ለመሳብ ቀፎ ውስጥ የሚቀባውም ለዚህ ነው፤ የእኛም አናቢዎች አዲስ ቀፎ በመዓዛማ ዕፅ ያጥናሉ። ስለዚህ ከቀፎ አጠገብ ከሆናችሁ ባሕር ዛፍን ምረጡ። በሌላ በኩል ቲሞል በብዙ አገር ቀፎ ውስጥ የሚገኝ ጥገኛ ተባይ ለመግደል ያገለግላል፤ ይህን ሰምቶ «ታዲያ ጦስኝ ንብ አይጎዳም» የሚል ሰው አጋጥሞኛል። እዚያ የሚሰጠው ተለክቶ፣ ሙቀቱ ታይቶ ነው፤ ሙቀት ሲበዛ ንቦቹ ቀፎውን ጥለው እስከ መውጣት ይደርሳሉ።

ጣዝማም አትረሳ። ጎጆዋ መሬት ውስጥ ነው፤ መግቢያዋ ትንሽ ቀዳዳ ስለሆነች ሳያያት የሚያልፍ ይበዛል። ጠዋት ጥቃቅን ንቦች ከአፈር ሲወጡ ያያችሁበት ቦታ ላይ ችካል ትከሉ፤ በዚያ ዙሪያ አትርጩ፣ የመርጫ እጣቢም አትድፉ።

እጣቢውን ሐይቁ ውስጥ መድፋትም አይገባም። የቅርንፉድ ዘይት በምርምር ሥራ ዓሣ ለማደንዘዝ የሚያገለግል ነው፤ አምባዛና ቀረሶ የሚዋለዱበት የዳር ውኃ ላይ መርጫ ማጠብ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ጣና እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት የተመዘገበ ነው። ከውኃው ራቅ ብላችሁ፣ ምንም ያልተተከለበት ደረቅ መሬት ላይ አፍስሱት።

በማግስቱና ከዚያ በኋላ

በ1ኛው፣ በ3ኛውና በ7ኛው ቀን እነዚያኑ ሃያ ተክሎች ቁጠሩ። ክሽክሹ ቀንሶ ወዳጁ ካለ እዚያው አቁሙ። ክሽክሹ ካልቀነሰ ከ5 እስከ 7 ቀን ቆይታችሁ ድገሙ። ከሦስት ጊዜ በላይ መርጨት ካስፈለጋችሁ ችግሩ ሌላ ነው፦ ማዳበሪያ በዝቶ ቅጠሉ ለስልሶ ይሆናል፣ ወይም ተክሉ ውኃ ተጠምቷል። ዝናብ ካጠበው እንዳልረጫችሁ ቁጠሩት። የተረጨ ጎመን ሦስት ቀን ሳይሞላው አትቁረጡ፤ ሽታው ወጥ ውስጥ ይገባል።

ዘይቱን በጥቁር ወይም በቡናማ ጠርሙስ፣ ጥላ ውስጥ፣ ልጅ በማይደርስበት መደርደሪያ አኑሩ። በመጠጥ ውኃ ፕላስቲክ ፈጽሞ አታስቀምጡት፤ ጥቂት ሚሊ ሊትር የባሕር ዛፍ ዘይት የዋጠ ሕፃን ወዲያውኑ ሐኪም ያስፈልገዋል። ስትለኩ ጓንት አድርጉ፣ ዓይናችሁን ጠብቁ። የመርጫው ላስቲኮችም በዘይቱ ስለሚለሰልሱ ሥራ እንዳለቀ በሳሙና ውኃ ሁለት ጊዜ አጥባችሁ፣ አፍንጫውን ፈትታችሁ ለየብቻ አድርቁት።